ሙት ወቃሽና ሙት አወዳሽ

በአማርኛ ንግግር ውስጥ፣ ሰው ስለ ሟች ክፉ ነገር ሊያነሳ ሲል አስቀድሞ የሚላት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህን ብሎ ግን ዝም አይልም፤ ወቀሳውን ይቀጥላል። ሐረጊቱ ወቀሳን የምትከለክል አይደለችም። ሥራዋ ሌላ ነው፤ ተወቃሹ በቦታው አለመኖሩን፣ ቢኖር ኖሮ የሚሰጠው መልስ ሊኖረው ይችል እንደነበረ ለተናጋሪውም ለሰሚውም ታስታውሳለች። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ በላ ልበልሃ ተባብለው፣ በነገር ጥበብ ሲረታቱ እያየ ላደገ ኅብረተሰብ፣ ተከሳሹ ባልቀረበበት ችሎት የሚሰጥ ፍርድ ጎደሎ መሆኑ የተሰወረ አልነበረም። ሙት ደግሞ ለዘለዓለም ከችሎት የቀረ ተከሳሽ ነው።

የዚህች ሐረግ መንትያ ግን የለችንም። «ሙት አወዳሽ አያድርገኝ» ሲል የተሰማ ሰው የለም። ሟችን ከልክ በላይ ማወደስ እንደ ደግነት እንጂ እንደ ጥፋት አይቆጠርምና። ይሁን እንጂ ወቀሳውም ሆነ ውዳሴው ሟቹን ከሰው ተራ የሚያወጣው ከሆነ፣ በደሉ በሟቹ ላይ ብቻ ሳይወሰን ከእርሱ ሕይወት ሊማሩ በሚሹ ሕያዋንም ላይ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህንኑ ነው። ለምርመራው የመረጥኩት መስክም የታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎችን ሕይወት በተዋንያን የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም ነው።

ዘጋቢ ፊልም፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የሆነውን እንደሆነ እዘግባለሁ የሚል የፊልም ዘርፍ ነው። መሣሪያዎቹ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የቆየ የፊልም ቁራጭ፣ ሟቹ የኖረበት ቤትና መንደር፣ የዐይን ምስክሮች ቃል ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን እነዚህ አይበቁም። ያን ጊዜ አዘጋጁ ተዋናይ ይጠራል፤ የሟቹን ልብስ ያለብሰዋል፤ ሟቹ በተራመደበት መንገድ ያራምደዋል፤ አንዳንዴም ሟቹ ያልተናገረውን ያናግረዋል። ፊልሙ የዘጋቢነት ስሙን ሳይለቅ ድራማ ይሆናል። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መልስ ሊሰጠን ለማይችል ሰው ፊትና አንደበት ልናውሰው ምን መብት አለን? መብቱ ካለንስ ግዴታችን ምንድን ነው?

ጥያቄው በሙዚቃ ደራሲ ላይ ሲነሳ በተለይ ይከብዳል። ባለቅኔ ቃሉን፣ ሰዓሊ ሸራውን ትቶ ያልፋል። የሲምፎኒ ደራሲ ትቶት የሚያልፈው ድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ስለ ጌታው ሕይወት በቀጥታ የሚሰጠው ምስክርነት የለም። አንድ የቼሎ ዜማ ያሳዝነናል፤ ደራሲው ስለ ማን እንዳዘነ ግን አይነግረንም። ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ኖታ የሚጽፍ ሰውም ለካሜራ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ስለዚህ አዘጋጁ ለዚያ ድምፅ ሥዕል መፈለግ ግድ ይሆንበታል። የሚመርጠው ሥዕል ሁሉ ትርጓሜ ነው፤ ትርጓሜው ከሙዚቃው ጋር ተዋሕዶ ስለሚመጣ ግን፣ ተመልካቹ ሙዚቃው ራሱ የተናገረ ይመስለዋል። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ኃይልም አደጋም ከዚህ ይመነጫል።

ይህ ጥያቄ በተግባር የተፈተሸበት አንድ ታሪክ አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከ1958 እስከ 1965 ቢቢሲ የተባለው የእንግሊዝ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት «ሞኒተር» የሚባል የኪነ ጥበብ ዝግጅት ነበረው። የዝግጅቱ መሪና መልክ ሰጪ ሂው ዌልደን ነበር፤ በሥሩ ከሚሠሩት አዘጋጆች አንዱ ደግሞ በ1927 የተወለደው ኬን ረስል። ረስል የሙዚቃ ደራሲዎችን ሕይወት በተዋንያን ማሳየት ፈለገ። ዌልደን አልተስማማም። ተመልካቹ እውነት ነው ብሎ አምኖ በሚያየው ዝግጅት ውስጥ ተዋናይን በሟቹ ቦታ ማቆም ለእርሱ ከማታለል የሚቆጠር ነበር። ስለዚህም በ1961 ስለ ሶቪየቱ የሙዚቃ ደራሲ ስለ ሰርጌ ፕሮኮፊየቭ በተሠራው ፊልም፣ ለተዋናዩ የተፈቀደለት እጆቹንና በኩሬ ውኃ ላይ ያረፈ ምስሉን ማሳየት ብቻ ሆነ።

በኖቬምበር 1962 በቀረበው «ኤልጋር» በተባለው ፊልም ዌልደን ትንሽ ላላ፤ ተዋንያን እንዲታዩ ፈቀደ። ገደብ ግን አኖረበት። ተዋንያኑ ቃል አይተነፍሱም። የሚናገረው ተራኪው ብቻ ነው፤ ተራኪውም ዌልደን ራሱ ነበር።

ኤድዋርድ ኤልጋር በ1857 ዉስተር በተባለችው ከተማ አጠገብ፣ በብሮድሂዝ መንደር ተወለደ። አባቱ ፒያኖ እየቃኘና የሙዚቃ ዕቃ እየሸጠ የሚኖር ሰው ነበር። ልጁ አብዛኛውን የድርሰት ትምህርት ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ራሱን በራሱ በማስተማር ነው። በ1889 የአንድ ጄኔራል ልጅ ሲያገባ፣ ዘመዶቿ የነጋዴ ልጅ፣ ያውም ካቶሊክ አገባች ብለው ቅር ተሰኙ። ስሙ በአገሩ የገነነው «ኢኒግማ ቫሪየሽንስ» የተባለው ሥራው በ1899 ሲሰማ፣ ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ተመልካች ሁሉ የማይረሳው አንድ ሥዕል አለ። አንድ ልጅ ነጭ ድንክ ፈረስ ላይ ሆኖ በሞልቨርን ኮረብታዎች ጫፍ ይጋልባል፤ አብሮት በ1905 ለባለአውታር መሣሪያዎች የተደረሰው «ኢንትሮዳክሽንና አሌግሮ» ይሰማል። ልጁ ኤልጋር በርግጥ በዚያ ኮረብታ ላይ በዚያ ፈረስ ጋልቧልን? ይህን የሚጠይቅ ተመልካች የለም። ሥዕሉ «በዚህ ቀን ይህ ሆነ» ብሎ አይመሰክርምና። የሚለው፣ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የዚህ ኮረብታ ነፋስ አለበት ነው። ልጁ አንደበት አልተሰጠውም፤ ስለዚህ አልዋሸም፤ አልተዋሸበትምም። ምናብ እዚህ ላይ የሠራው ሥራ ለማስተዋል የሚረዳ ነው።

ወደ ሌላው ታዋቂ ክፍል እንሻገር። በ1901 ኤልጋር አንድ የሰልፍ ሙዚቃ ደረሰ። በመካከሉ ያለው ዜማ ሕዝብን እጅግ ስለማረከ፣ በ1902 ኤ. ሲ. ቤንሰን የተባለ ገጣሚ ቃል ሰጠውና የእንግሊዝ ቅኝ ገዢነት መመኪያ መዝሙር ሆነ። ፊልሙ ያንኑ ዜማ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እውነተኛ የፊልም ቁራጮች ጋር ያስኬደዋል፤ ከምሽጉ፣ ከቁስለኛው፣ ከሞቱ ጋር። ጆሮ ስለ ክብርና ስለ ተስፋ ሲሰማ፣ ዐይን የክብሩንና የተስፋውን ዋጋ ያያል። በዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ተዋናይ የለም። እያንዳንዱ ሥዕል እውነት ነው፤ ዜማውም እውነት ነው። ሁለቱን ያጋባቸው ግን አዘጋጁ ነው። ከፊልሙ ሁሉ ብርቱው የፈጠራ ሥራ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ዌልደን አደጋውን ያየው በተዋናዩ ላይ ነበር። አደጋው ግን ተዋናይ በሌለበትም አለ፤ እውነተኛ ሥዕል ከእውነተኛ ድምፅ ጋር ሲጋባ ያልተባለ ነገር ሊያስብል ይችላልና። እንዲያም ሆኖ ይህ ክፍል ፍትሐዊ ነው እላለሁ። በችሎቱ የቆመው ተከሳሽ ኤልጋር አይደለም፤ ዜማውን ለሰልፍ ማሰማሪያ ያዋለው ገዢ ሥርዓት ነው። ለዚህ ክስ ደግሞ የቀረበው ማስረጃ የተፈጠረ አይደለም። ሙታኑ በርግጥ ሞተዋል።

ለመሆኑ ፈጠራና ታሪክ አብረው መኖራቸው አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ገድል የሰማ ሁሉ፣ ከዛፉ ላይ ወድቆ ወድቆ በሰባተኛው ጊዜ የወጣውን ትል፣ በዜማው ተመስጦ ሳለ በንጉሡ ጦር የተወጋውን እግሩን ያስታውሳል። ገድሉ ግን ገድል ነኝ ብሎ በስሙ ይመጣል፤ ሰሚውም እንደ ገድል ይሰማዋል። ሙሾ አውራጅዋ በለቅሶ ቤት የሟቹን ጀግንነት ስታበዛ፣ ለቀስተኛው ሙሾ መሆኑን ያውቃል። በተውኔትም እንዲሁ ነው። ግርማቸው ተክለሐዋርያትም ፀጋዬ ገብረመድኅንም ዐፄ ቴዎድሮስን በየራሳቸው ተውኔት ወደ መድረክ አውጥተዋቸዋል። ሁለቱን አስተያይቶ «አንዱ ዋሽቷል» የሚል ተመልካች ግን የለም። መጋረጃው ሲገለጥ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ድርሰት ነው የሚል ውል በመድረኩና በአዳራሹ መካከል ይታሠራል።

ዘጋቢ ፊልም ግን መጋረጃ የለውም። ተመልካቹ ዜና ባየበት መስኮት ያየዋል፤ ለዜና የሚሰጠውንም እምነት ይሰጠዋል። ተውኔት ያልተሰጠውን ሥልጣን ዘጋቢ ፊልም ስለተሰጠው፣ ተውኔት የሌለበት ዕዳ አለበት። የተበደረው እምነት ነውና፣ መጋረጃውን በአንድ መንገድ ራሱ መሥራት ይገባዋል።

ረስል ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1965 ስለ ፈረንሳዊው ክሎድ ደቡሲ በሠራው ፊልም መጋረጃውን ፊልሙ ውስጥ ሰቀለው። ታሪኩ ስለ ደቡሲ ፊልም ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ኦሊቨር ሪድ የሚጫወተው ደቡሲን ሳይሆን ደቡሲን የሚጫወተውን ተዋናይ ነው። ተዋንያኑ ከአዘጋጃቸው ጋር ስለ ሟቹ ጠባይ ይነጋገራሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ይከራከራሉ። ተመልካቹ ያለማቋረጥ «ይህ ደቡሲ አይደለም፤ ደቡሲን ለመረዳት የሚደረግ ጥረት ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። በሐቀኝነቱ የሚያስመሰግን ዘዴ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሁልጊዜ ከውጭ የሚያይ ተመልካች ወደ ሰውየው ልብ ለመቅረብ ይቸግረዋል።

ሌላው መንገድ ምስክርን መጥራት ነው። ለዚህ የሚሆነን ምሳሌ ፍሬድሪክ ዲሊየስ ነው። ኤልጋር በሜይ 1933 ለኮንሰርት ወደ ፓሪስ በተሻገረ ጊዜ፣ ታሞ የተኛውን ይህን የሙያ ጓደኛውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠይቆታል፤ በተከታዩ ዓመት ሁለቱም ሞቱ። ዲሊየስ በ1862 በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ፣ ከጀርመን ከመጣ የሱፍ ነጋዴ ቤተሰብ ተወልዶ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ግሬ ሱር ልዋን በተባለች የፈረንሳይ መንደር የኖረ ደራሲ ነው። በመጨረሻ ዘመኑ ቂጥኝ ዐይኑን አጠፋው፤ እጅ እግሩንም አሰረው። ሙዚቃው በጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ወረቀት የሚያወርድበት መንገድ አጣ።

በ1928 ኤሪክ ፌንቢ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ይህን ሰምቶ፣ እጅ ሆኖ ሊያገለግለው ፈቃደኛ መሆኑን ጻፈለት። ሄደም። ዲሊየስ እስኪሞት ድረስ፣ እየተመለሰ እየሄደ አገለገለው። በ1936 ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ አሳተመ። ረስል በ1968 «የበጋ ዜማ» የሚል ትርጉም ያለውን ፊልሙን የሠራው ከዚህ መጽሐፍ ተነሥቶ፣ ጽሑፉንም ከፌንቢ ጋር አዘጋጅቶ ነው። ማክስ ኤድሪያን ዲሊየስን፣ ከባሌት ዳንስ ወደ ትወና የመጣው ክሪስቶፈር ጌብል ፌንቢን ሆነው ተጫወቱ።

በዚህ ፊልም ተዋንያኑ ይናገራሉ። የዌልደን ገደብ ፈርሷል። የመጀመሪያውን የሥራ ቀን እንመልከት። ዕውሩ ደራሲ ወንበሩ ላይ እንደተገነዘ ሰው ተቀምጦ፣ ዜማ በሌለው ድምፅ ሙዚቃውን ያወርደዋል። ወጣቱ እርሳስ ይዞ አንዲት ኖታ እንኳ መያዝ ያቅተዋል፤ በኀፍረት ተውጦ ይወጣል። በኋላ ሁለቱ ዘዴ ያገኛሉ፤ የኖታው ስም፣ ርዝመቱ፣ የመሣሪያው ዓይነት እየተጠራ መስመር በመስመር ይጻፋል። የኪነ ጥበብ ሥራ ከላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሳይሆን እንደ ድንጋይ የሚፈለፈል መሆኑን ከዚህ ይበልጥ ያሳየ ፊልም ብዙ አይገኝም።

ፊልሙ ዲሊየስን አያወድስም። ራስ ወዳድነቱ፣ የወጣቱን ሃይማኖት ማጥላላቱ፣ ሰዓሊ የነበረች ሚስቱ የልካ ለእርሱ ስትል የራሷን ብሩሽ ማኖሯ፣ ሁሉም ይታያል። ግን ወቀሳው የሚመጣው ከማን ነው? ጭካኔውን ከተቀበለው፣ ሙዚቃውንም ከወደደው ሰው ነው። ፌንቢ የተጎዳም የተባረከም ምስክር ነው። በፊልሙ ሥራ ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ይህ እንዲህ አልነበረም ብሎ የማስቆም ዕድል ነበረው። ሟቹ በችሎት ባይገኝም፣ የሚያውቀው ሰው ተገኝቶለታል። እርግጥ ነው፣ አንድ ምስክር ሁሉን አያይም። የልካ የሞተችው በ1935፣ የፌንቢ መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ በፊልሙ የምናያት በወጣቱ ዐይን እንጂ በራሷ አይደለም። ቢሆንም ይህ ፊልም ከሙት ወቃሽነትም ከሙት አወዳሽነትም ርቆ የቆመ ነው።

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1970፣ ይኸው አዘጋጅ በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው በክሪስቶፈር ጌብል ዋና ተዋናይነት፣ ስለ ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትራውስ ሌላ ፊልም አቀረበ። ርእሱ «የሰባቱ መሸፈኛዎች ጭፈራ» ነው፤ በ1905 በተመለከተው «ሰሎሜ» በተባለው የስትራውስ ኦፔራ ውስጥ፣ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁን ራስ ለማስቆረጥ ከምትጨፍረው ጭፈራ የተወሰደ። በዚህ ፊልም ስትራውስ የናዚዎች ተባባሪ ብቻ ሳይሆን ነፍስ የሌለው አሻንጉሊት ሆኖ ይታያል። ከሁሉ የሚዘገንነው ክፍል፣ ስትራውስ ኦርኬስትራ ሲመራ ከአድማጮቹ መካከል አንድ አይሁዳዊ አረጋዊ በናዚዎች የሚሠቃይበት ነው። ስትራውስ ጩኸቱን ለመሸፈን ኦርኬስትራው ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ያዝዛል።

ይህ አልሆነም። ታዲያ ምን ሆነ? በማርች 1933 ናዚዎች አይሁዳዊውን ብሩኖ ቫልተርን በርሊን ውስጥ ኦርኬስትራ እንዳይመራ ሲከለክሉት፣ በቦታው ቆሞ የመራው ስትራውስ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ጣሊያናዊው ቶስካኒኒ ናዚዎችን በመቃወም ከባይሮይት የሙዚቃ በዓል ሲቀር፣ አሁንም የተተካው ስትራውስ ነበር። በኖቬምበር 1933 ገዢው ፓርቲ የሙዚቃ ባለሙያዎችን የሚቆጣጠርበትን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት እንዲመራ ሲሾም ተቀበለ። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ መክፈቻ የተሰማው መዝሙር የእርሱ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ አንድ ኦፔራውን የጻፈለት አይሁዳዊው ደራሲ ሽቴፋን ትስቫይግ ነበር፤ ስትራውስም የጸሐፊው ስም ከማስታወቂያው እንዳይሰረዝ ተሟግቷል። በጁን 1935 ሹመቱን እንደ ማስመሰያ ብቻ እንደሚያየው ለትስቫይግ የጻፈው ደብዳቤ በጌስታፖ እጅ ወደቀ፤ ከሹመቱም እንዲለቅ ተገደደ። የልጁ ሚስት አሊስ አይሁዳዊት ነበረች፤ ስለዚህ ሁለቱ የልጅ ልጆቹ በናዚ ሕግ ዐይን የሚታደኑ ነበሩ። ከገዢዎቹ ጋር ደጅ የጠናው አንድም ለሙዚቃው፣ አንድም ለእነዚህ ነፍሳት ነው። በ1948 የጦርነቱን ዘመን የመረመረው ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቀው።

እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ ካልን ማስረጃው በእጃችን አለ፤ ቀላልም አይደለም። በአንድ ሰው ዝምታና ምቾት ወዳድነት ላይ ከዚህ የበለጠ ክስ አያስፈልግም። ፊልሙ ግን በቂ ክስ ሳለ የሐሰት ምስክር አመጣ። የተፈጠረው ደም እውነተኛውን ቀለም ሸፈነው። የደረሰውም ጉዳት በስትራውስ ላይ ብቻ አይደለም። የሰው ጩኸት እንዳይሰማ ኦርኬስትራ የሚያስጮኽ ጭራቅ ያየ አስተማሪ ወይም ሠዓሊ፣ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሹመት ቀርቦለት «ለሙያዬ እጠቅምበታለሁ» ያለውን፣ የተባረረ ጓደኛውን ቦታ «ሙዚቃው እንዳይቋረጥ» ብሎ የያዘውን፣ የልጅ ልጆቹን እያሰበ የፈራውን እውነተኛውን ሰው ቢያይ ግን፣ ያ ሰው እርሱን እንደሚመስለው ባወቀ፣ እንቅልፍም ባጣ ነበር። ለነገሥታት የዘመረ፣ ለአብዮት የዘመረ፣ ከዚያም በኋላ ለመጣው የዘመረ የኪነት ሰው በየትም አገር አለ፤ በእኛም አገር አልጠፋም። እንዲህ ያለውን ሕይወት የምንመረምረው ከራሳችን ሕይወት ጋር ልናስተያየው ከሆነ፣ ካርቱን አይጠቅመንም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ፊልሙ ሲጀምር የሚታየው የስትራውስ ሕይወት ጨካኝ ካርቱን መሆኑን፣ ከእውነተኛ ድርጊቶች ጋር ብዙ የታሰቡ ድርጊቶች መግባታቸውን አስቀድሞ አስታውቋል፤ ታዲያ መጋረጃው ተሰቅሎ የለም ወይ? የሚል ነው። ተሰቅሏል። ይህ ለአዘጋጁ የሚቆጠርለት ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን መጋረጃ ከማታለል ክስ እንጂ ከሐሰት ምስክርነት ክስ አያድንም። «የምናገረው ከራሴ የፈለቀ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው፣ ቀጥሎ እገሌ በሰው ስቃይ ተባበረ ቢል፣ ስሙ የእገሌ ነው፤ ሙዚቃው የእገሌ ነው፤ በሰሚው ልብ የሚቀረውም የእገሌ ፊት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብርቱ ነው። ሙት አይወቀስ ካልን፣ በሕይወት ሳሉ በሥልጣን የተከለሉትን በሞታቸውም መከለል አይሆንም ወይ? ይላል። መልሴ አይሆንም ነው። ሙት ይወቀስ፤ ግን በሠራው ይወቀስ። በዚህ ረገድ የስትራውስ ቤተሰቦች የወሰዱትን እርምጃም አልደግፍም። ስለ ሙዚቃ ደራሲ የተሠራ ፊልም ያለ ሙዚቃው መታየት አይችልም፤ የሙዚቃው መብት ደግሞ በወራሾች እጅ ነበር። ወራሾቹ ፈቃዳቸውን አነሱ፤ ፊልሙም ከመስኮት ጠፋ። ደራሲው በ1949 ስለሞተ መብቱ 70 ዓመት ቆይቶ በ2019 ማብቂያ አለፈ፤ ፊልሙ እንደገና በአደባባይ የታየው በ2020 ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ክሱ እንዳይሰማ ተደረገ እንጂ መልስ አልተሰጠውም። ሙት ወቃሽነትን በሙት አወዳሽነት ማፈን ፍትሕ አይደለም። በላ ልበልሃ ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መመዘኛ ይህ ነው። ምናብ ሟቹን ለማስተዋል ሙሉ መብት አለው፤ በሟቹ ላይ ለመፍረድ ግን ምስክር ሆኖ መቆም የለበትም። በኮረብታ ላይ የሚጋልበው ልጅ የማስተዋል ሥራ ነው። የሚጮኸው ኦርኬስትራ የፍርድ ሥራ ነው። ሁለቱም የተፈጠሩ ናቸው፤ በሥነ ምግባር ሚዛን ግን አይተካከሉም።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በጣሊያን ደሴት ታስረው፣ በኋላ መንነው በግሸን ማርያም ኖረው፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ የፒያኖ ደራሲ ናቸው። በሕይወታቸው መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለ። በወጣትነታቸው ለከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ወደ ለንደን የመሄድ ዕድል አግኝተው ሳለ ተከለከሉ። ሕይወታቸው ከዚያ ወዲያ ወደ ገዳም ዞረ። ክልከላው ከማን እንደመጣና ለምን እንደሆነ በዝርዝር ሳይገልጹ አልፈዋል። ነገ የእርሳቸውን ሕይወት በተዋንያን የሚያሳይ ፊልም የሚሠራ ወጣት ከዚህ ባዶ ቦታ ፊት ይቆማል። ባዶውን በአንድ ክፉ ሹም ሊሞላው ይፈተናል፤ ድራማ ተንኮለኛ ይወድዳልና። ወይም ደግሞ ሐዘናቸውን ሁሉ አጥፍቶ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅድስት አድርጎ ሊያቀርባቸው ይፈተናል። አንዱ ሙት ወቃሽነት፣ ሌላው ሙት አወዳሽነት ነው። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፤ ዝምታቸውን እንደ ዝምታ ማሳየት። ፒያኖ፣ የተዘጋ በር፣ ቃል የማትተነፍስ ወጣት። ዝም ያሉት እርሳቸው ናቸውና፣ ዝምታውም ከድርሰታቸው አንዱ ነው።

ዛሬ የሟችን ፊትና ድምፅ ለመፍጠር ተዋናይ እንኳ የማያስፈልግበት ዘመን ደርሰናል። ዌልደን ከ60 ዓመታት በፊት ተዋናይ አፉን እንዳይከፍት የከለከለበት ጥንቃቄ ያረጀ ቢመስልም፣ የጠየቀው ጥያቄ አላረጀም። ሐሰተኛ ድምፅን በኮምፒዩተር መሥራት የቀለለውን ያህል፣ ሐሰተኛ ምስክርን ማቆምም ቀሏል። በሥራችን ሕዝብን እናስተምራለን የምንል ሁሉ፣ በክፍል ውስጥም ሆነ በመድረክ፣ ለተማሪያችንና ለተመልካቻችን ይህን ማስለመድ ይኖርብናል፤ የሞተ ሰው በመስኮት ሲናገር ባዩ ቁጥር «ይህን ማን አናገረው? ምስክሩስ የት አለ?» ብለው እንዲጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ ተመልካች ያለው ኅብረተሰብ ሟቾቹን አይበድልም፤ በራሱም ላይ በቀላሉ አይዋሽበትም።